ቄቦችን ቆጥ ስለ ማስለመድ

«ዶሮ ሲመሽ ራሷ ትገባለች፤ ማን ነድቶ ያስገባታል?» የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። አነጋገሩ ከልምድ የመጣ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ይህን የሚለው ሰው ሲያያቸው የኖሩት ዶሮዎች በእናታቸው ክንፍ ሥር ያደጉ፣ እናታቸውን ተከትለው ከጓሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቆጥ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። ዛሬ በብዙ መንደር የሚገቡት ቄቦች ግን አስተዳደጋቸው ሌላ ነው። በመሣሪያ ተፈልፍለው፣ በአንድ ቀን ዕድሜያቸው በካርቶን ተጭነው፣ በመብራት ሙቀት ሥር ወለል ላይ አድገው፣ 45 ቀን ገደማ ሲሞላቸው ለአርቢው ይከፋፈላሉ። እነዚህ ቆጥ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያሉት ቄቦች ማታ ማታ ወደ ቤታቸው ገብተው ቆጥ ላይ እንዲያድሩ እንዴት ማስለመድ እንደሚቻል ማስረዳት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ግን አንዲት እናት ካጠራቀሙት ገንዘብ አምስት ቄብ ገዙ እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት አንዷ አጥር ሥር አድራ ሸለምጥማጥ ይወስዳታል። ሁለተኛዋ የጎረቤት ዛፍ ላይ ስትወጣ ዝናብ ሲመታት አድሮ ትታመማለች። ሦስተኛዋ የት እንደገባች አትታወቅም። ቄብ እንቁላል እስክትጥል ገና ከሦስት ወር በላይ ይቀራታልና እኚህ እናት አንድም እንቁላል ሳያዩ ከገንዘባቸው ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። «የፈረንጅ ዶሮ አይበረክትም» ብለው ቢደመድሙ ማን ይፈርድባቸዋል? ጎረቤትም ይህንኑ ሰምቶ እጁን ይሰበስባል። ከእናንተ ከሠልጣኞች ብዙዎቻችሁ የምትመደቡት የእንዲህ ያሉ እናቶች ልጆች ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ከክፍል ይዞት የሚሄደው ነገር በዚያው ምሽት ቤቱ ውስጥ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል።

ከፍታ መውደድ ከየት መጣ?

ለማዳዋ ዶሮ የተገኘችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች ከሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ይህ ወፍ ቀን መሬት ሲጭር ውሎ ማታ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያድራል። ምክንያቱ ከዓይኑ ይጀምራል። የዶሮ ዓይን ለብርሃን የተሠራ ነው፤ በቀን ቀለም ለይታ ጥሬውን ከጠጠር መካከል ትለቅማለች፤ ሲጨልም ግን እንደ ዳፍንታም ሰው ትሆናለች። ስለዚህ ብርሃኑ ሳይጠፋ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጠላት በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ መያዝ አለባት። ከጨለመ በኋላ መንገድ መፈለግ አይሆንላትም።

እንግዲህ ከፍ ብሎ የማደር ፍላጎት ከደሟ ጋር ያለ ነው፤ ማንም አላስተማራትም። የምትማረው የትኛው ከፍታ የእሷ እንደሆነ ነው። ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል፤ ብዙ አርቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ዋንዛው ላይ የወጣች ቄብ ተፈጥሮዋን ፈጽማለች፤ አጥፊ ተብላ የምትመታበት ምክንያት የለም። የጎደላት የቦታው ዕውቀት ብቻ ነው። (የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ቆጥ እንደነበራት እንኳ እናውቃለን፤ የኛ ቄቦች ግን እሱም የላቸውም።)

እናት ያላትና እናት የሌላት

አንድ መምህር ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ ሲያቀርብ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ እኛ ቤት እኮ ማንም ሳያስተምራት ራሷ ነው የምትወጣው!» ቢለው አይገረም። ልጁ እውነቱን ነው። መምህሩም «ጎበዝ፤ እስቲ ጫጩት እያለች ማንን ስትከተል ታያት ነበር?» ብሎ መልሶ ይጠይቀው።

ጫጩቶች ከእንቁላል በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እንደ እናት ይዘው ይከተላሉ። እንግሊዛዊው ዳግላስ ስፓልዲንግ ይህን በጫጩቶች ላይ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1873 ጽፎታል፤ ኋላም ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ በዝይዎች በሰፊው አጥንቶት እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆኗል። እናት ዶሮ መጀመሪያ ላይ ጫጩቶቿን መሬት ላይ ታቅፋ ታድራለች። ላባ አውጥተው ሲጠነክሩ አንድ ምሽት ወደ ቆጧ ትመለስና ከላይ ሆና ትጠራቸዋለች። ጫጩቶቹ ከሥር ሆነው ይጮኻሉ፣ ይዘላሉ፣ ይወድቃሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ደፋሩ ቀድሞ ይደርሳል፤ የቀሩትም ይከተላሉ። በአገራችን ገጠር ቆጡ ብዙ ጊዜ እዚያው ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ ስለሆነ እሳቱም ሰዉም በሩም ለጫጩቷ የታወቁ ናቸው። ማንም አላስተማራትም የምንለው አስተማሪዋን ስላልቆጠርናት ነው።

በመብራት ሥር ያደገችው ይህ ሁሉ ቀርቶባታል። በጭድ ሣጥን፣ ያለ መብራት በገዛ ሙቀታቸው የሚያድጉትም ቢሆኑ እናት ስለሌላቸው በዚህ በኩል ያው ናቸው። እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ መብራት ለምዳ የኖረች ቄብ ጨለማን ራሱን አታውቀውም። በመጀመሪያው ምሽት መብራቱ ድንገት ሲጠፋ ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ይሮጡና አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራል። ጠዋት ሲከፈት ከሥር የነበሩት ታፍነው ሞተው ይገኛሉ። ባለቤቱ በሽታ ገባ ብሎ ይደነግጣል። ይህ እንዳይሆን ጥጎቹን በካርቶን ወይም በጭድ እስር ማድቦልቦልና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ምሽቶች ደከም ያለ መብራት አቆይቶ ማጥፋት ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። መውጣት ራሱ ችሎታ ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከጫጩትነታቸው ጀምሮ መስፈሪያ እንጨት የነበራቸውን ዶሮዎች እስከ 8 ሳምንት ድረስ ካልነበራቸው ጋር አነጻጽረዋል። በ16 ሳምንታቸው ምግብ በተለያየ ከፍታ ተቀመጠላቸው። ዝቅ ባለው ላይ ሁለቱም ወገን እኩል ደረሱ። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ግን ያለ እንጨት ያደጉት ወደ ኋላ ቀሩ። እንግዲህ ጫጩት የሚያሳድግ ሰው ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከወለሉ አንድ ስንዝር የማትሞላ አግዳሚ እንጨት ቢያደርግላቸው ኋላ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ያልተደረገላቸውን ከገዛን ደግሞ ከዝቅተኛው መጀመር አለብን ማለት ነው።

ቤቱን አስቀድሞ ማሰናዳት

ቄቦቹ ከመምጣታቸው በፊት ቤቱ ማለቅ አለበት። መስፈሪያው እንጨት ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ የተላገ ወይም ክብ ቢሆን ይመረጣል፤ የባሕር ዛፍ አጠና ልጡ ተልጦ በጣም ይስማማል። የሚሽከረከር ወይም የሚወዛወዝ እንዳይሆን በሚስማር ይጠበቅ። እግሯን ያላመነችበት እንጨት ላይ ዶሮ አታድርም። ለአንዲት ቄብ 15፣ ለትልቅ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይተውላታል። የመጀመሪያው እንጨት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ ያለው ከዚያ ወደ ኋላና ወደ ላይ እንደ ደረጃ ይደረደራል። ለከባድ ዝርያዎች ከፍታ ማብዛት አይገባም፤ ሲወርዱ እግራቸውንና የደረት አጥንታቸውን ይጎዳሉ። የእንቁላል መጣያው ሣጥን ሁልጊዜ ከቆጡ ዝቅ ይበል። ዶሮ ከፍ ያለውን ስለምትመርጥ ሣጥኑ ከበለጠ እዚያው ታድርና በኩሷ ታበላሸዋለች።

አየር ከላይ በኩል መውጫ ይኑረው፤ ቆጡ ላይ ቀጥታ የሚነፍስ ግን አይሁን። የኩስ ሽታ ዓይን የሚያቃጥል ቤት ውስጥ እኛም አናድር፣ እነሱም አይፈልጉም። ቀዳዳ ሁሉ በወንፊት ሽቦ ወይም በጭቃ ምርግ ይደፈን፤ ሸለምጥማጥ እኛ ከምናስበው በጠበበ ቦታ ይሾልካል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በእግር የቆመ ከሆነ ለመግቢያው ረባዳማ ተዳፋት ሳንቃ ይሠራና በላዩ ጣውላ እየቆረጡ እንደ መሰላል እርከን መምታት ነው።

ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ

ቄቦቹን ወደ አዲሱ ቤት ማስገባት የሚሻለው ሲመሽ ነው። በጨለማ ዶሮ ጭምት ትሆናለች። ገበያ ላይ እንደምናየው እግር ለእግር አስሮ ቁልቁል ማንጠልጠል ይቅር፤ በሁለት እጅ ክንፏን አቅፎ ደረቷን ከሥር ደግፎ ወስዶ ቆጡ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጣቶቿ እንጨቱን እስኪጨብጡ መጠበቅ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልቀቅ። ብዙዎቹ ወዲያው ዘለው ይወርዳሉ። ምን ይደረጋል፤ እንደገና ማውጣት ነው።

ከዚያ በኋላ በሩ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይዘጋል። ምግቡም ውኃውም ከውስጥ ይሆናል። አርቢዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። «ያሳዝናሉ፣ ትንሽ ይናፈሱ» ብለው በማግስቱ ይለቋቸዋል፤ ማታ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ባትሪ ይዞ አጥር ላጥር ሲሮጥ ያመሻል። ቄቧ ያደረችበት፣ የበላችበትና የጠጣችበት ቦታ «ቤቴ» የሚሆነው ደጋግማ ስትነቃበት ነው። ቤቱ ብርሃንና አየር እስካለው ድረስ ይህች ሳምንት አትጎዳትም። በእያንዳንዱ ምሽት ከጨለመ በኋላ እየገቡ ወለል ላይ ያደሩትን ቆጡ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ምሽት ሁሉንም፣ በአራተኛው ግማሹን ብቻ ታነሡ ይሆናል። ሁለት ሦስቱ ራሳቸው መውጣት ከጀመሩ ሌላው እነሱን እያየ ይከተላል።

መልቀቅ የሚጀመረው በጠዋት አይደለም። በአገራችን ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ድንግዝግዙም አጭር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን 11 ሰዓት ላይ በሩ ይከፈትና አንድ ሰዓት ያህል በበሩ አካባቢ ይጭራሉ። የዕለቱ ጥሬ ከፊሉ ሳይሰጥ ይቆይ። 12 ሰዓት ሲቃረብ ጥሬውን በጣሳ እያንኳኩ፣ በአካባቢው የተለመደውን የዶሮ ጥሪ እየጠሩ፣ ከቤቱ ውስጥ መበተን ነው። ተርበዋልና ይገባሉ፤ ሲለቅሙ ይመሽባቸዋል፤ ሲመሽባቸው ቆጥ ይፈልጋሉ። በየቀኑ የመልቀቂያውን ሰዓት ወደ ፊት እያመጡ በሳምንቱ ሙሉ ቀን ማዋል ይቻላል። ጣሳውን ግን ቢያንስ አንድ ወር አትተዉት። ጥሪውም ሰው በተቀያየረ ቁጥር እንዳይቀያየር፤ ልጆቹም እናቲቱም አንድ ድምፅ ይጠቀሙ።

በዱላ እያሳደዱ ማስገባትስ? ይገባሉ፤ አይገቡም አልልም። ነገር ግን በማግስቱም በሠልስቱም ዱላ ያስፈልጋል። በሥነ ልቡና ትምህርታችሁ ስሙን የምትሰሙት አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እንስሳት እንዴት እንደሚማሩ ሲመረምር የተጠቀመው በድመትና በውሻ ብቻ አልነበረም፤ በጫጩትም ነበር። መጻሕፍትን አቁሞ እንደ ግድግዳ እየደረደረ መተላለፊያ ሠራ። ጫጩቷን ብቻዋን ከውስጥ ያስቀምጣታል፤ መውጫውን ካገኘች ጓደኞቿና ምግቡ ጋ ትደርሳለች። መጀመሪያ እየጮኸች ወዲያ ወዲህ ትራወጣለች፤ በአጋጣሚ ትወጣለች። ሲደጋገም የምታባክነው ጊዜ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ እንደገባች ቀጥ ብላ ትወጣለች። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1898 አሳተመ። ጫጩቶቹን ቤት አከራዩዋ ስለከለከሉት የስመ ጥሩው የዊልያም ጄምስ ምድር ቤት ውስጥ ነበር ያኖራቸው። ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይጠነክራል የሚለው የውጤት ሕግ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ሙከራ ነው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሕጉን ሲከልስ ሽልማት የሚያጠነክረውን ያህል ቅጣት እንደማያዳክም ጽፏል። ዱላ የቀመሰች ቄብ የዶሮ ቤቱን በር ስታይ የምታስታውሰው ምን እንደሆነ ከዚህ መገመት አያስቸግርም።

እምቢ ያሉ ቄቦች

ሁሉ ተደርጎ አንዳንዶቹ በር ላይ ቆመው ይቀራሉ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ብርሃኑ ነው። ውጭው ገና ደብዘዝ ባለበት ሰዓት የዶሮ ቤቱ ውስጥ ድቅድቅ ነው፤ ዶሮ ደግሞ ከብርሃን ወደ ጨለማ ጉድጓድ አትገባም። ከውስጥ በኩል ከበሩ ራቅ አድርጎ ትንሽ የፀሐይ ኃይል መብራት ወይም ባትሪ መስቀል ብዙ ጊዜ ችግሩን በአንድ ምሽት ይፈታዋል። ፋኖስ ከሆነ ጭድ ካለበት አርቆ፣ በሽቦ አጥብቆ መስቀል፣ ቄቦቹ እንደሰፈሩም ወዲያው ማውጣት ያሻል፤ ኩራዝ ግን በፍጹም አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ነባር ዶሮዎች ናቸው። ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤቤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንዳስረዳው ዶሮዎች የመናቆር ተራ አላቸው፤ አንዷ ማንን እንደምትነቁርና በማን እንደምትነቆር ታውቃለች። የበላይዋ በሩ ላይ ወይም ቆጡ ጫፍ ላይ ትቆምና አዲሶቹን ትመልሳለች። ተጨማሪ እንጨት ወደ ሌላው ጎን መጨመርና አዲሶቹን ከጨለመ በኋላ ማስገባት ይረዳል። ቢቻል ሁለት በር።

ሦስተኛው ተባይ ነው። ቀን ቀን እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ደም የሚመጥ ጥቃቅን ቀይ ተባይ አለ። ቤቱን ለምደው የነበሩ ዶሮዎች በድንገት እምቢ ካሉ ሌሊት ባትሪ ይዛችሁ የእንጨቱን ሥር እዩ። እንጨቶቹን አውጥቶ የፈላ ውኃ መቸለስ፣ ስንጥቁን መድፈን፣ ጉዝጓዙን አውጥቶ ማቃጠል፤ ለዶሮዎቹም የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድ ማዘጋጀት ይገባል።

ዛፍ የለመደችውን በድንጋይ አታውርዷት። ጨልሞ ስትደነዝዝ መሰላል አድርጎ ማንሣት፣ ቆጡ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ እንደገና ለሦስት አራት ቀን መዝጋት ነው። ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ቢቆረጥ መልካም ነው። በክረምት ደመናው ቀድሞ ስለሚያጨልም ሰዓት ሳይሆን ሰማይ እያያችሁ ጥሬውን አቅርቡ።

በትምህርት ቤት ግቢ ሲሆን

በእኔ አስተያየት የትምህርት ቤት ዶሮ እርባታን የሚገድለው ከፈንግል ቀጥሎ የሰዓት አለመገጣጠም ነው። ትምህርት በ10 ሰዓት ያበቃል፤ ተማሪው ይበተናል፤ መምህሩም ይሄዳል። ዶሮዎቹ የሚገቡት በ12 ሰዓት ነው። በሩን የሚዘጋው ማን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ «ዘበኛው» የሚል ነው፤ ግን ማንም ለዘበኛው አልነገረውም፣ ወይም ነግረውት ስንት ዶሮ እንዳለ አያውቅም። ያልተዘጋ የዶሮ ቤት ደግሞ ካልተሠራ ይከፋል፤ ዶሮዎቹን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ለሸለምጥማጥ ማዘጋጀት ነውና።

ስለዚህ ቄቦቹ ከመገዛታቸው በፊት የማታ ተረኛ ዝርዝር ይውጣ። በትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎች፣ ከእነሱ ጋር የሳምንቱ ተረኛ መምህር። ቅዳሜና እሑድ፣ በዓላትም ሳይቀሩ ይጻፉ፤ በዓል ዋዜማ ላይ ዶሮ የሚወስደው ሸለምጥማጥ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችን እናውቃለን። ተረኛው ይቆጥራል፣ መቀርቀሪያውን ይዘጋል፣ በደብተር ይመዘግባል። በመዝገቡ ሦስት ቁጥር ይበቃል፤ ራሳቸው ገብተው ቆጥ ላይ የተገኙ፣ ገብተው ወለል ላይ የተገኙ፣ ከውጭ ተይዘው የገቡ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይህን በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ወደ ግራፍ ይለውጠዋል፤ በአካባቢ ሳይንስ ደግሞ ምክንያቱን ይጠይቃል። አንዷ ቄብ ለሁለት ሳምንት ከሦስተኛው ረድፍ ካልወጣች እግሯ ላይ ቀለም ያለው ክር አስሮ እሷን ለይቶ መከታተል ነው፤ ታማ፣ ተነቁራ ወይም ዓይኗ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ክረምት ሲዘጋ ዶሮዎቹን ለተማሪዎች ቤት አከፋፍሎ ማቆየት ግድ ሊሆን ይችላል። በመስከረም ሲመለሱ በሩ እንደገና ለጥቂት ቀን ይዘጋል። መውጣቱን ስለሚያውቁ የሚቀራቸው ቦታውን ማወቅ ብቻ ነው።